ከማዶ የተጠራ ስም

ጂንካ የምትኖሩ ታውቁኝ ይሆናል። ድምፅ ማጉያ የጫነ የማስታወቂያ መኪና ሲያልፍ ሱቋን ትታ ጓዳ የምትገባው ሴትዮ እኔ ነኝ። ደንበኞቼ ለምደውኛል። ስኳር እየመዘንኩ እንኳ ቢሆን፣ ያችን «ሄሎ፣ ሄሎ፣ የማይክ ሙከራ» የምትል ነገር ከሰማሁ ሚዛኑን ትቼ እገባለሁ፤ እነሱ መኪናው እስኪርቅ ይጠብቁኛል። አንዳንዱ «ማርታ ዛሬም ሸሸች» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ፤ ምክንያቱን ስለማያውቅ አልቀየመውም። ዛሬ ምክንያቱን ልጽፍላችሁ ተነስቻለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ መሳቅ ካሰኛችሁ መብታችሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከየገጠሩ ሚሊሺያ ይመለመል በነበረበት ዘመን ነው። ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተላላኪ ነበርኩ። ሻይ አቀርባለሁ፣ ወረቀት ከክፍል ክፍል አመላልሳለሁ፣ ከገጠር የሚመጣ ባለጉዳይ አማርኛ ሲያቅተው ከአሪኛ እተረጉማለሁ። የተወለድኩት ከነሪ ወንዝ ማዶ፣ ከከተማው ፊት ለፊት ባለው ጋራ ላይ ነው። የቢሮው በራፍ ላይ ቆሜ ቀና ካልኩ ከእናቴ ጎጆ የሚወጣው ጭስ ይታየኛል።

እናቴ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ታላቄ ጳውሎስና እኔ። አባታችን አልታዬ ልጆች ሳለን ስለሞተ የእርሻው ነገር በጳውሎስ ጫንቃ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎደሬ ሊሸጥ ገበያ ወርዶ እዚያው ተመለመለ። መመልመል የሚሉት መኪና ላይ ጭኖ መውሰድን ነው፤ ቤት ገብቶ ልብስ እንኳ አልቀየረም። ጠዋት ሲቆፍርበት የነበረውን ዶማ ከበራፉ ግድግዳ ጋር አስደግፎት ነበር። እናቴ ዶማው ከዚያ እንዳይነሳ ከለከለች። የአጎቴ ልጅ ለአንድ ቀን ሊዋስ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። «ባለቤቱ ሲመጣ ጠይቀው» ነው ያለችው። የጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር የምትጸልየውም እዚያው ዶማው አጠገብ ቁጭ ብላ ነው። አንድ ጊዜ ከአርባ ምንጭ የመጣ ሾፌር «ጳውሎስ የሚባል የዚህ አገር ልጅ ደህና ነኝ በሉልኝ ብሏል» ብሎ ነገረን። ከዚያ ወዲህ ስለሱ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።

ስለ መንደራችን አንድ ልማድ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። የእኛ ሰው ቤቱን የሚሠራው በየጋራው ተበታትኖ ነው። ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው ለመሄድ ገደል መውረድና ወንዝ መሻገር ስላለ፣ ሰው ሲሞት መልእክተኛ አይላክም። ጠሪ አለ። ጠሪው ከፍታ ላይ ይወጣና የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል፤ ከዚያ ማሚቶው እስኪሞት ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጠራል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ስሙ ከተጠራ ነገሩ አለቀ፣ ሁሉም ያለበት ሆኖ ማልቀስ ይጀምራል። ስለዚህ በሕይወት ያለን ሰው ማንም ከከፍታ ላይ በስሙ አይጠራም። ልጇ ሩቅ የሄደባት እናት ታፏጫለች፣ «ኧረ አንተ» ትላለች እንጂ ስሙን ከአፏ አታወጣም። የመንደራችን ጠሪ ጋሽ ዳርጌ የሚባሉ ጎረቤታችን ነበሩ። ደረተ ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ከለቅሶ ውጪ ሰው ሁሉ ከቧቸው የሚስቅ ሽማግሌ ነበሩ።

አሁን ወደ ድምፅ ማጉያው ልምጣ።

የአብዮቱ በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አለቃችን ጓድ ሙሉጌታ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ገጠሬው ለስብሰባ ና ሲባል በቆሎውን እየጠበቀ ይቀራል፤ እሱ ካልመጣ ደግሞ ድምፁ እሱ ዘንድ ይሂድ ነው ሐሳቡ። ለዚህ የሚሆን ድምፅ ማጉያ ተመርጦ ይገዛ ተባለና ሰለሞን የሚባል ቴክኒሺያን ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት በጭነት መኪና ይዞ መጣ። ቅዳሜ ዕለት፣ ገበያው ሲሞቅ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ተተከሉ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ ከተማው መሃል የተዘረጋ ሣር ነው፤ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል።

አንደኛው ዓይነት የሰው ወገብ የሚደርሱ የተወለወሉ የእንጨት ሣጥኖች ነበሩ፤ ፊታቸው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ሰለሞን ጨርቁን በእጅጌው እያበሰ፣ እንዲህ ዓይነቱን አዲስ አበባ እንኳ ያለው ትልልቅ አዳራሽ ብቻ ነው አለ። ሁለተኛው ዓይነት ግራጫ ቀለም የተቀቡ ቆርቆሮ ጡሩምባዎች ናቸው። ለማየት የሚያጓጓ ነገር የላቸውም።

ጄኔሬተሩ ተነሳና መጀመሪያ ሣጥኖቹ ተሰሙ። ሰው ሚዛኑንም ቅቤውንም እየተወ መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ድምፁን ወደድኩት። ጊታሩ ከአንዱ ወገን፣ ከበሮው ከሌላው ወገን ይመጣል፤ ከበሮው ደግሞ በጆሮ ሳይሆን በጎድን አጥንቴ ነው የሚገባው። ከገበያ የመጣ አንድ የበና ጎልማሳ፣ በርኮታውን፣ ያቺን መቀመጫም ትራስም የምትሆን እንጨት፣ በብብቱ ይዞ፣ መዳፉን ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አሳረፈና እጁ ሲመታበት ሳቀ። ጓደኞቹም ተራ በተራ እጃቸውን አሳረፉ። ሰለሞን ደስ ብሎት አላባረራቸውም።

እኔን ቆሜ ሲያየኝ ጠራኝ። «አንቺ፣ ዘፋኙ የት ያለ ይመስልሻል?»

«እዚህ፣ በሁለቱ ሣጥኖች መሃል።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«በቃ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ማለት ይኼ ነው። የሌለውን ሰው አምጥቶ ፊትሽ ያቆምልሻል።»

ይኼን ንግግሩን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳስታወስኩት አትጠይቁኝ።

ቀጥሎ ጡሩምባዎቹ ተሰሙ። እነሱ ጆሮ ይበሳሉ፤ ከበሮው ጠፋ፣ ዘፋኙ አፍንጫውን ይዞ የሚዘፍን መሰለ። ሰው ፊቱን አጨማዶ ወደ ገበያው መመለስ ጀመረ። ነገሩ በሕዝብ ድምፅ ቢሆን ሣጥኖቹ አሸንፈው ነበር፣ እኔም ዛሬ ይኼን አልጽፍም ነበር። ጓድ ሙሉጌታ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲሰሙ ቆዩና «ጣፋጭነቱን ተወው፣ ድግስ አይደለም» አሉት ሰለሞንን። «እኔ የምፈልገው ማዶ መድረሱን ነው። ሪፖርት የማደርገው ስንት ቀበሌ እንደሚሸፍን ነው።»

«እሱማ ከማዶ የሚሰማ ሰው ካላቆምን አይታወቅም» አለ ሰለሞን።

ጓድ ሙሉጌታ ዞር ብለው አዩኝ። «ጓዲት ማርታ፣ አንቺ የማዶ ልጅ አይደለሽም?»

ነጭ ጨርቅ በሸንበቆ ላይ ታስሮ ተሰጠኝ። ቃሉ ለይቶ ከተሰማኝ ከፍ አድርጌ አነሳለሁ፤ ጩኸት ብቻ ከሆነ አላነሳም። ሰለሞን በመነጽር ያየኛል። ጡሩምባዎቹን የከተማው ውሃ ታንከር አናት ላይ አውጥተው ወደ እኛ ጋራ እስኪያዞሯቸው እኔ እደርሳለሁ ተባለ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴን ላያት ነው፣ ያውም በሥራ ሰዓት።

ነሪን ተሻግሬ ጋራውን ስወጣ እናቴ ጎደሬ ትቆፍር ነበር። ስታየኝ ቀና ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የምታወራው በአሪኛ ነው፤ በአማርኛ የምጽፍላችሁ እኔ ነኝ።

«ምን ሆነሽ መጣሽ?» አለችኝ። ሰላምታ አላስቀደመችም።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። ለሥራ ተልኬ ነው።»

«ስለ ወንድምሽ የሰማሽው አለ?»

«የለም። ከከተማ ድምፅ ይለቃሉ፣ እዚህ ከደረሰ ይኼን ጨርቅ አነሳለሁ፤ በቃ።»

«መዝሙር ነው የሚለቁት?»

«እማዬ ደግሞ። የመዝሙሩን ቤት ማን አሸገውና?»

ሳቀች። ጳውሎስ ከሄደ ወዲህ በዚያ ዓይነት ስትስቅ አላየኋትም ነበር። እጇን ያዝኳትና ጋራው ጫፍ ላይ ካለው ገላጣ ቦታ ሄድን፤ ጋሽ ዳርጌ ሁልጊዜ ቆመው የሚጠሩበት ቦታ ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ ተሰበሰበ። ጋሽ ዳርጌም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

መጀመሪያ የሣጥኖቹ ተራ ነበር። ሜዳው ላይ ጎድኔን የነቀነቀው ከበሮ ማዶ ሲደርስ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ሰው እህል የሚወቅጥ ይመስል ነበር። ዘፋኙ ጭራሽ የለም። ጨርቁን አላነሳሁም። «ይኼ የታመመ ሰው ነው፣ ያቃስታል እንጂ አያወራም» አሉ ጋሽ ዳርጌ፣ ሰው ሳቀ።

ከዚያ ጡሩምባው መጣ። ሰልፍ ማሳመሪያ ዘፈን ነበር። ያ ሜዳው ላይ ፊት ያስጨማደደ የቆርቆሮ ድምፅ ገደሉን ተሻግሮ ሲመጣ እያንዳንዱ ቃል ይለያል። ጨርቁን አነሳሁ። ከከተማው የጭነት መኪናው ክላክስ እያሰማ መለሰልኝ፣ ታይቷል ማለት ነው። ልጆች ጨፈሩ። ጋሽ ዳርጌ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ሲሰሙ ቆዩና «ይኼኛውስ ጉሮሮ አለው» አሉ። «እኔ በጉልምስናዬም እንዲህ አልወጣልኝም።»

«እንግዲህ ሥራ ሊፈቱ ነው» አለቻቸው እናቴ።

«ምናለ ብፈታ። ማን ይወደዋል ብለሽ ነው።»

ዘፈኑ ቆመ። ያለቀ መስሎኝ ሸንበቆውን አወረድኩ፤ እናቴም ጎደሬ ቀቅላ ልታበላኝ ወደ ቤት ዞረች። በዚህ መሃል ጡሩምባው ኮሽ አለና የሰው ድምፅ መጣ። ዘፈን አይደለም፣ ንግግርም አይደለም።

«ታደሰ ጋርሾ።»

ከዚያ ዝም አለ። ማሚቶው በየገደሉ ዞሮ እስኪሞት ዝም አለ።

«ታደሰ ጋርሾ።»

ታደሰ ከጳውሎስ ጋር በአንድ መኪና የተጫነ የመንደራችን ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። የታደሰ እናት የማገዶ ሸክሟን እንደተሸከመች ቆማ ነበር፤ እንጨቱ ከጀርባዋ ሲወርድ ሰማሁት። እናንተ ምናልባት «እንዴት ወዲያው አመናችሁ?» ትሉ ይሆናል። እኔ እኮ ከሁሉ ቀድሜ ነው ያመንኩት። ቢሮ የምሠራ ነኛ። የግንባር ወሬ መጀመሪያ እኛ ቢሮ እንደሚደርስ፣ ደርሶም በር ተዘግቶበት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ቀኑን ጠብቀው፣ ሰዉን በዘፈን ሰብስበው፣ በእኛው ልማድ ሊያረዱን ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።

«ዮሐንስ ዳና።»

ዝም።

«ዮሐንስ ዳና።»

ከታች ካሉት ቤቶች ጩኸት ተነሳ። እናቴ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ቆማለች። ሸንበቆውን የያዝኩበትን እጄን አንጓው ላይ ጨብጣ ያዘችኝ፤ ጥፍሮቿ ውስጥ የጎደሬው አፈር አለ። ከመንደራችን የሄዱት እነዚህ ሁለቱና ጳውሎስ ናቸው። ወደ ከተማው እያየች፣ ድምፁ ፊቷ የቆመ ሰው ይመስል፣ ቀስ ብላ «በቃ» አለችው። «እስካሁን የጠራኸው ይበቃል። አሁን ዝም በል።»

ዝምታው ረዘመ። ለምናው የሰማት መስሎኝ ነበር።

«ጳውሎስ አልታዬ።»

የወንድሜ ስም እንደዚያ ሆኖ ተጠርቶ አያውቅም። ስሙ አማርኛ በሚያውቅ ሰው አፍ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል፣ ጋራውን ሞላው። ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ እናቴ መሬት ላይ ነበረች። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። ጋሽ ዳርጌ ምርኩዛቸውን ጥለው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው አለቀሱ፤ ለወትሮው ጠሪ ስለሆኑ አያለቅሱም ነበር።

እኔ ግን አላለቀስኩም። እንዴት ሞተ፣ የት ሞተ፣ ሬሳውስ የት ነው የሚለው ነገር አንገበገበኝ። እናቴን ለሴቶቹ ትቼ ወደ ከተማ ሮጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ፣ ነሪን ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁበት። ሜዳው ስደርስ ገበያው እየተበተነ ነበር። ሰለሞን ሽቦ ይጠቀልላል፤ ጓድ ሙሉጌታ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ።

«ወንድሜ የት ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«የምን ወንድም?»

«ጳውሎስ። ጳውሎስ አልታዬ። አሁን የጠራችሁት።»

ጠርሙሱን ከአፋቸው አወረዱ። «ኧረ ማንም አልሞተም! ቴስት ነው እኮ። ዘፈኑን ሰው በልምድ ያውቀዋል፣ ሳይሰማ የሰማ ይመስለዋል ተባለ። አዲስ ቃል ያስፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ የሰፈራችሁ ጀግኖች ስም ይጠራ፣ ቤተሰብም ይኮራል ብዬ ነው።» ወረቀት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ሦስቱንም የመለመሏቸው እሳቸው ስለነበሩ ስማቸውን በቃላቸው ያውቁታል።

ሰለሞንን አየሁት። «በየስሙ መሃል ዝም ያላችሁትስ?»

«ማሚቶው እንዳይደራረብ እኔ ነኝ ፋታ ስጡ ያልኩት» አለኝ። ሽቦው እጁ ላይ ቀርቷል። «ለምን? ምን ሆነ?»

የሆነውን ነገርኳቸው። ልማዱን አስረዳሁ፤ እናቴ መሬት ላይ እንዳለች፣ የሦስት ቤት ለቅሶ እንደተነሳ ነገርኳቸው። እያወራሁ እንኳ ከማዶ ይሰማ ነበር፤ የለቅሶው ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ ሜዳው ድረስ ይመጣል። ጓድ ሙሉጌታ ጆሯቸውን ወደዚያ ጣል አደረጉና ትንሽ ሰሙ።

«ታዲያ በደንብ ተሰምቷል ማለት ነዋ» አሉ። ወደ ሰለሞን ዞረውም «ጡሩምባውን ይዘናል፣ ሣጥኑን መልስ» አሉት።

ጨካኝ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ኋላ ባገባሁ ጊዜ እንኳ በግ ይዘው ሠርጌ የመጡ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ግን ሥራቸው ስለቀናላቸው ደስ ብሏቸው ነበር፣ እኔ የምነግራቸው ነገር ከደስታቸው ላይ አልደረሰም።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «እባክዎ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ በሕይወት አለ ይበሉልኝ። እርስዎ ካሉ ያምናሉ።»

«እንደሱማ አልልም» አሉ። ከመሬት ሊያነሱኝ ክንዴን ያዙ። «በሕይወት መኖሩን በምን አውቄ? ነገ ሌላ ነገር ቢሰማ ተጠያቂው ማነው? የማላውቀውን በማይክ አልናገርም።»

የማያውቁትን በማይክ አይናገሩም። እዚያው ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ይኼን ሰውዬ ጠላሁት፤ አሁንም እጠላዋለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ አልልም።

ሰለሞን ግን ጄኔሬተሩን መልሶ አስነሳ። ጓድ ሙሉጌታ እያዩት አልከለከሉትም። ማይኩን ሰጠኝና በአሪኛ ተናገርኩ፦ «ሙከራ ነው፣ ማንም አልሞተም፣ አታልቅሱ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ደጋገምኩት። ለቅሶው አልቆመም።

ጋራውን መልሼ ስወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ሬሳው ያልተገኘ ሰው የሚቀበረው በእጁ ዕቃ ነው። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ ጓሮ ቆማለች። የዶማው እጀታ ተሰብሯል፤ ብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አፈር ሊመልሱበት ነው።

«ተዉ፣ አውጡት» አልኩ። «ሙከራ ነው። ማጉያው ይሰማ እንደሆነ ሊያዩ ነው የጠሩት። ድምፄን አልሰማችሁም?»

«ሰምተንሻል» አሉኝ ጋሽ ዳርጌ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራ ኖሬያለሁ። የተጠራን ሰው የሚመልስ ጥሪ ግን አባቶቼ አላስተማሩኝም። ምን እናድርገው?»

እናቴ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «በሕይወት አለ ብለውሻል?»

ልዋሻት ይገባኝ ነበር የሚል ሰው ይኖራል። እናንተ ያቺን ፊት አላያችሁም። «አናውቅም ነው ያሉኝ» አልኳት።

«ታዲያ አልሞተም የምትዪኝ ከየት አምጥተሽ ነው?» አለችኝ። አልተቆጣችም። «ማርታ፣ የተማረ ሰው የሌላ ሰው ልጅ ስም በሕይወት እያለ ለጨዋታ ከከፍታ ይጠራል? እንዲህ ያለ ሰው የለም። አንቺን ልጅ ናት ብለው ነው የደበቁሽ።»

አፈሩን መለሱበት።

የታደሰ እናት ከቀናት በኋላ የሐዘን ልብሷን አጥባ ልጇን መጠበቅ ጀመረች። የእኔ እናት ግን አልጠበቀችም። የጳውሎስን መሬት ለአጎቴ ልጅ ሰጠች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሾፌር መጥቶ «ጳውሎስ ቆስሎ አስመራ ሆስፒታል ነበር፣ ድኗል» ሲለን እየዘለልኩ ነገርኳት፤ «የሌላ ሰው ጳውሎስ ነው፣ እናቱ ደስ ይበላት» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ጸሎቷ ላይ ስሙን ማንሳት ትታ ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። በዓለም ላይ ለሱ የሚጸልይ አንድ ሰው ነበረ፣ እሱንም ወሰዱበት። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይታ በወባ ሞተች። ጋሽ ዳርጌ ጠሯት።

ጡሩምባዎቹ እዚያው ታንከር አናት ላይ ቀሩ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰልፍ፣ መዋጮ፣ ጥሪ ሲያሰሙን ከረሙ። ሥራዬን ወዲያው ለቅቄ ንግድ ጀመርኩ። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ደረቴን የምደቃ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ጨርቁን ያነሳሁት ስለተሰማኝ ነው። የተለወጠብኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ክፉ የሚሠራ ሰው ክፉ አስቦ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አሁን መልካም አስቦ ማይክ የያዘን ሰው እፈራለሁ፣ ከማዶ ማን እንዳለ ሳይጠይቅ «ይሰማል ወይ» ብቻ የሚለውን። እናንተም ማይክ የምትይዙ ካላችሁ ፍሩት።

ደርግ ሲወድቅ ጳውሎስ እያነከሰ በእግሩ መጣ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ቤቱ፣ ወደ እናቱ ነው። መሬቱን ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ እናቱ የለችም፣ ጓሮው ውስጥ የራሱ መቃብር አለ። የመንደሩ ሰው በደስታ አቅፎት አለቀሰ፣ በግ አረደለት። ስሙን ግን አንድም ሰው አልጠራውም። የተጠራ ስም ነዋ፣ ማን ደፍሮ አፉ ላይ ያመጣዋል? ጋሽ ዳርጌ እንኳ «የማርታ ወንድም» ነበር የሚሉት። እዚያ መኖር ስላልሆነለት ከእኔ ጋር ወደ ከተማ ወረደ። ጓዳ ያለው እሱ ነው። መኪናው ሲያልፍ ሱቁን ትቼ የምገባው አጠገቡ ልቀመጥ ነው።

ታሪኩን ያወቀው ከመንደር ሰዎች ነው፤ እኔን ብዙ ዓመት አልጠየቀኝም። ባለፈው ክረምት የአንድ ሳሙና ማስታወቂያ እየጮኸ ሲያልፍ ገብቼ ጎኑ ተቀመጥኩ። መኪናው ከራቀ በኋላ «ያን ቀን ስሜ እንዴት ሆኖ ነበር የተሰማው?» አለኝ።

እኔም ብሆን የመንደሬ ሰው ነኝ፤ ከመጣ ጀምሮ «ወንድሜ» እንጂ ሌላ ብዬው አላውቅም። ከእውነቱ ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ጥርት ብሎ» አልኩት።